«ስትወልጂ ይጠፋል» ለተባልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «27ኛ ሳምንት ላይ ነኝ፣ በባዶ ሆድ 97 ወጣብኝ፣ የእርግዝና ስኳር ነው ተባልኩ፣ ካልወረደ ኢንሱሊን ትጀምሪያለሽ አሉኝ፣ ልጄን ይጎዳዋል ወይ? ደግሞስ ስወልድ እውነት ይጠፋል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ 26ኛ ሳምንት ላይ 98 ነበርኩ። ስለዚህ ያኔ ለራሴ ቢነገረኝ የምወደውን ልጻፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አንደኛ፣ ራስሽን መውቀስ ተዪ። ጣፋጭ ስላበዛሽ አይደለም። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊን እንደ ልቡ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ይሄ ሁሉም እርጉዝ ላይ አለ። የአንዳንዶቻችን ቆሽት ግን የሚፈለገውን ጭማሪ ማምረት ያቅተዋል፣ በቃ። እኔ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ሦስት ሳምንት አለቀስኩ። ዘመድ ሁሉ «ምን እየበላሽ ነው ግን?» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ እንዳትራቢ። ቁጥሬን ላሳምር ብዬ እራት መዝለል ጀመርኩ። የጠዋቱ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ የጠዋቱ ስኳር ሌሊት ተኝተሽ ጉበትሽ የሚለቀው ነው፤ እራት በመዝለል አይገራም። ነርሷ «በደንብ ትበያለሽ?» ስትለኝ «አዎ» ብዬ ዋሸሁ። ሽንቴ ውስጥ የተገኘው ኬቶን (ሰውነት ሲራብ ስብ አቃጥሎ የሚያወጣው ነገር) አሳበቀብኝ። በጣም አፈርኩ። ከምግብ በኋላ ያለውን ቁጥር ያወረደልኝ ካርቦሃይድሬቱን በአንዴ ከመብላት ከፋፍሎ መብላትና ከበሉ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ነው። የሰጡኝ ልክ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከበላሁ ከ1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ከ120 በታች ነበር። ሐኪምሽ ሌላ ልክ ከሰጠሽ የሱን ያዢ። ደግሞ ከመለካትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ። አንድ ቀን 190 አይቼ ክው አልኩ። ፍራፍሬ ልጬ ጣቴን ሳልታጠብ ነበር የወጋሁት። ታጥቤ ስለካ 112።

ሦስተኛ፣ ኢንሱሊን። እኔም ልጄን ይጎዳብኛል ብዬ ሁለት ሳምንት አንገራግሬያለሁ። ፍርሃቴ የተገላቢጦሽ ነበር። ኢንሱሊኑ የእንግዴ ልጁን አልፎ ልጁ ጋ አይደርስም፤ የሚያልፈው ስኳሩ ነው። ስኳር ሲበዛበት የልጁ ቆሽት ራሱ ኢንሱሊን ማምረት ይጀምራል፣ ልጁም ከልክ በላይ ይወፍራል። ምጥ ላይ ትከሻው ሊያዝ የሚችለው ለዚህ ነው። ሲወለድ ደግሞ ያንቺ ስኳር ይቋረጥበታል፣ የሱ ኢንሱሊን ግን ቶሎ አያቆምም፣ ስለዚህ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ተረከዙን እየወጉ ሲለኩት አትደናገጪ። ቶሎ ጡት ስጪው። የኔው 4 ኪሎ ከ100 ግራም ሆኖ መጣ። የመጀመሪያው ልኬት ወርዶ ነበር፣ ጡት ጠብቶ ተስተካከለ። ያንን ሁለት ሳምንት ባላባክን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

አራተኛ፣ ግፊት። የእርግዝና ስኳር ያለባት ሴት ፕሪኢክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ በቀኝ ከጎድን ሥር ሕመም፣ የፊት ድንገተኛ እብጠት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ። ከወለድሽ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ይችላል። ይሄ እኔን አልነካኝም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ አላወራም።

አምስተኛው ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ።

በወለድኩ ማግስት ተለካሁ። ንጹሕ። «ጠፍቷል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ሸኙኝ። ከሆስፒታል የወጣሁበት ወረቀት ግርጌ ላይ ግን «ከ6 ሳምንት በኋላ የግሉኮስ ምርመራ» የሚል አለ። አፉን ከፍቶ የነገረኝ የለም፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ስለማልቀር እንጂ አላየውም ነበር። ቀኑ ሲደርስ በባዶ ሆዴ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ሄድኩ።

የላብራቶሪው መስኮት ላይ የነበረችው ሴትዮ ቀና ብላም አላየችኝ። «ማዘዣ?» አለችኝ። ይህን ወረቀት አሳየኋት። «ይሄ ማዘዣ አይደለም። ደግሞ ወልደሻል አይደል እንዴ? የእርግዝና ስኳር አሁን ምን ያደርግልሻል?» ማዘዣ የሚጽፈው ሐኪም ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው ተባልኩ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ አለቀሰ፣ የጡቴ ወተት ልብሴን አበሰበሰው፣ ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ አይቶ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ እልህ ያዘኝ። «ይቅርብኝ!» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ብስኩት በሩ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ስንት ሰዓት የጾምኩት ምርመራ በዚያው አበቃ።

ሦስት ዓመት አልተመለስኩም። ደህና ነኝ ብዬ ነበር፤ የሚያምም ነገር የለውማ። ውሃ መጥማቱን ለማጥባት ሰጠሁት፣ ድካሙን ለሕፃን።

ሁለተኛዋን አርግዤ በ9ኛው ሳምንት በባዶ ሆድ 148 ወጣ። 126 ከሆነና ካለፈ በኋላ የእርግዝና ስኳር አይሉትም። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ነው፣ ሳላረግዝም ኖሯል አሉኝ። የልጅ ልብና የጀርባ አጥንት የሚሠራው ገና እርግዝናሽን ባታውቂው በሚሆንበት በዚያ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ከፍ ያለ ስኳር ያኔ ነው የሚከፋው። ልቧ በአልትራሳውንድ ታይቶ ደህና ነው እስኪባል ያሳለፍኩትን ለጠላቴም አልመኝም። ልጄ ደህና ናት፣ ተመስገን። ሴትዮዋን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ግን ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት በየቀኑ የምውጠው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ስለዚህ «ይጠፋል ወይ» ላልሽው፣ ለአብዛኞቻችን ከወሊድ በኋላ ይጠፋል፣ ግን አድራሻችንን ይዞ ነው የሚሄደው። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋላ ዓይነት 2 የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ከ7 እስከ 10 እጥፍ ይሆናል። ቀድመሽ ካወቅሽው ግን በምግብና በእንቅስቃሴ ማዘግየት ይቻላል። ማጥባትም ያግዛል።

እኔ ብሆን አሁን የማደርገው ይህን ነው። ገና ከሆስፒታል አልጋ ሳልነሳ ማዘዣውን አስጽፋለሁ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት። ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀን እቆርጣለሁ። ልጁን የሚይዝልኝ ሰው ይዤ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ 2 ሰዓት ነው የምትቀመጪው። «የ3 ወር ስኳሩ (የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ HbA1c) ይበቃል» ካሉሽ እሺ አትበዪ፤ እርግዝናውና ወሊድ ላይ የሚፈሰው ደም ያን ቁጥር ያዛቡታል። ንጹሕ ከወጣም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መለካት ነው፣ በተለይ ሌላ ልጅ ከማሰብሽ በፊት። ሁለቱም እህቶቼ ሲወልዱ ማዘዣውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዷ ሐኪሙ ፊት ስጨቃጨቅ አፍራብኝ ነበር፤ አፈረች አላፈረች ተመርምራለች።

ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብለሻል። እስከዚያ የጠዋት ቁጥሮችሽን ከነቀናቸው በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። በቃል ከነገርሻቸው «ይመስልሻል» ይሉሻል። እኔን ብለውኛል።