«ልጄ እያመመው አላመመኝም ይለኛል»

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ በአጥንት ካንሰር ታሞ ብዙ ከታከመ በኋላ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ የምናደርገው ሕመሙን ማስታገስ ነው» ብለው ከደሴ ወደ ቤታችን መለሱን። ፈሳሽ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ እንድሰጠው ቢያዙም ዘመዶቼ «ሱስ ያስይዘዋል፣ መሞቻውንም ያፋጥናል» ስለሚሉኝ የምሰጠው ሲያቃስት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ «አላመመኝም» ይለኛል። ሰሞኑን ሌሊት «እማ፣ ልሞት ነው?» ቢለኝ «ምን ያለ ክፉ ወሬ ነው!» ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ። ምን ልበለው?

አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎ ጋቢውን የሚነክሰው እርስዎን ላለማስለቀስ ይመስለኛል። በጠና የታመሙ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲሉ ሕመማቸውንም ፍርሃታቸውንም ይደብቃሉ፤ ስለዚህ የመድኃኒቱና የጥያቄው ነገር ሁለት ቢመስልም አንድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማይድን በሽታ ላለባቸው ልጆች ሕመም ሞርፊን ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል። ሐኪም በወሰነው መጠን ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም፤ ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱም ከሱስ የተለየ ነገር ነው። ኃይሉ ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ እስኪያቃስት ከጠበቁ ሕመሙ ይቀድምዎታልና እንደታዘዘው ሰዓቱን ጠብቀው፣ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው ሲሪንጅ ይስጡት። ሆድ ማድረቁ ስለማይቀር ማለስለሻ ካልታዘዘለት ይጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢያንቀላፋ አይደንግጡ፤ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይውሰዱት። በራስዎ ውሳኔም በአንድ ጊዜ አያቋርጡበት።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ በ9 ዓመቱ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ያውቃል። በእኛ አገር መርዶ እንኳ ሰዓቱና ነጋሪው ተመርጦለት ነውና መፍራትዎ አይገርመኝም። ሆኖም በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ የስዊድን ጥናት፣ በካንሰር ከሞቱ ልጆቻቸው ጋር ስለ ሞት ከተነጋገሩ 147 ወላጆች መካከል አንድም የተጸጸተ አልተገኘም፤ ካልተነጋገሩት 258 ውስጥ ግን ከሩብ የሚበልጡት ተጸጽተዋል። እኔም ያንን ጸጸት ለእርስዎ አልመኝም።

ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው «ያን ሌሊት የጠየቅከኝን ሳልመልስልህ ወጣሁ፤ ምን አስበህ ነበር?» ይበሉት። ብዙ ጊዜ ልጆች የሚፈሩት ማመሙን፣ ብቻቸውን መሆንን፣ ወይም በጥፋታቸው የታመሙ መሆኑን ነው። ደግሞ ከጠየቀዎት «ሐኪሞቹ በሽታውን ማጥፋት አልቻሉም፤ እንዳያምህ ግን መድኃኒት አለን፤ እኔም ከአጠገብህ አልለይም» ቢሉት ሐሰት የለበትም። «እንቅልፍ ነው» አይበሉት፤ መተኛት ይፈራል። ቢያለቅሱም አብረውት ያልቅሱ። ለዱዓ ወይም ለጸሎት የሚመጡ ጎረቤቶችም በፊቱ እንዳያንሾካሹኩ ይንገሯቸው።

ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ በመሆኑ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝምና፣ ጠርሙሱ ሳያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ደሴ ሰው ይላኩ።