ሐሰት ሆኖ የተገኘ መልእክት ያሳስራል?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ያለን ነጋዴዎች 6,000 ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል አለን። «ሐረጎ ላይ ግጭት ተነሥቶ የኮምቦልቻ መንገድ ተዘጋ» የሚል መልእክት ባስተላልፍና ሐሰት ቢሆን እጠየቃለሁ?

መልስ፦ መሳሳት ብቻውን ወንጀል አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት መልእክቱ ሐሰት፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉም ከፍተኛ መሆን አለበት፤ አሠራጩም ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆን አለበት። «ማወቅ የነበረበት» የሚለው ወሰኑ ሰፊ ነው፤ ቻናል ያለውን ሰው የሚያሰጋውም ይኸው ነው። መደበኛው ቅጣት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ ተከታይዎ ከ5,000 ስለሚበልጥ እስከ 3 ዓመት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል። ላይክና ታግ ማድረግ ከሥርጭት አይቆጠሩም፤ ፎርዋርድ ማድረግ ግን ከሥርጭት ከማይቆጠሩት ውስጥ አልተጠቀሰም።

ዋናው መከላከያዎ እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢ ጥረት ማድረግዎ ነው። ከመልቀቅዎ በፊት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላሉ ሁለት ሰዎች ይደውሉ፤ የጥሪውን ሰዓትና መልእክቱ የመጣበትን ገጽ ስክሪንሾት አንሥተው ያስቀምጡ። ሐሰት ከሆነ ዝም ብለው አያጥፉት፤ ያዩት ሰዎች አምነውት ይቀራሉና እዚያው ቻናል ላይ ማረሚያ ይለጥፉ።