ከ3.73 ወደ 3.08 ልውረድ? የአንባቢዎች የመኪና ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የ1972 ሸቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ 350 ቪ8 ነው፣ ካምቢዮው ባለ ሦስት ማርሽ ቱርቦ 350 አውቶማቲክ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ሬሾ (ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ የሚዞረው ዙር) 3.73 ነው ተብያለሁ። የጎማው ቁመት 28 ኢንች ነው። ከተማ ውስጥ አሪፍ ነው። ሀይዌይ ላይ በ70 ማይል ስነዳው ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራት አልችልም፣ የቤንዚኑ ነገርማ አይነሳ። ጓደኛዬ 3.08 አስገባና ተገላገል ይለኛል። አንዳንድ ቅዳሜ ትንሽ ተጎታች አስሬ በአይ-70 ወደ ተራራው እወጣለሁ። 3.08 ይሻለኛል ወይስ 3.42?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ሁለቱንም አላስገባም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በመጀመሪያ “ተብያለሁ” ያልከውን እናጣራ። መኪናው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ማን ምን እንደቀየረበት ማንም አያውቅም። ደልዳላ ቦታ አቁመው፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ ካምቢዮውን ኒውትራል ላይ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና በደንብ ደግፈው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ሻፍት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከዚያ የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ሻፍቱ ወደ ሦስት ዙር ከሦስት ሩብ ከሄደ 3.73 ነው፣ ሦስት ዙርን ትንሽ ብቻ ካለፈ 3.08 ነው። ሁለት ዙር ያልኩህ ሌላኛው ጎማ መሬት ስለያዘ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባው ግማሹ ዙር ብቻ ስለሆነ ነው። ልብህ ካልረጋ የኋላውን ክዳን ፍታና ጥርሶቹን ቁጠር፤ ትልቁ 41፣ ትንሹ (ፒኞኑ) 11 ከሆነ ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ፍጥነቱን በማይል ያዝ፣ በሬሾው አባዛው፣ እንደገና በ336 አባዛው፣ ከዚያ ለጎማው ቁመት አካፍለው። የሚመጣው የሞተሩ ዙር በደቂቃ ነው። ያንተ በ70 ማይል 3,130 አካባቢ ይሆናል፣ አውቶማቲክ ስለሆነ በተግባር ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። በ3.08 ወደ 2,590 ይወርዳል። በ3.42 ደግሞ 2,870 ነው። ጓደኛህ ይህን አይቶ ነው የመከረህ፣ ለሀይዌዩ ብቻ ከሆነ ልክ ነው።

ግን መኪና ከቆመበት መነሳትም አለበት። የቱርቦ 350 አንደኛ ማርሽ 2.52 ነው። በ3.73 ስታባዛው 9.4 ይሆናል፣ በ3.08 ግን 7.76። ስትነሳ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከመቶ 17 ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ባህር ዳርቻ ከተማ ብትኖር ኖሮ ቪ8 ስለሆነ ይችለዋል እልህ ነበር። አንተ ያለኸው ግን 5,000 ጫማ አልፎ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር (ቱርቦ 350 የካምቢዮው ስም ብቻ ነው) በየ1,000 ጫማው ከመቶ 3 ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ ሞተርህ ገና ከቤትህ ሳይወጣ ከመቶ 15 ያህሉን አጥቷል። በአይ-70 ስትወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፣ እዚያ ስትደርስ ከጉልበቱ ሲሶው የለም። (ከዴንቨርም ከፍ በምትለው አዲስ አበባ የእንጦጦን ዳገት በአሮጌ መኪና የወጣ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።) በዚህ ላይ ተጎታች ጨምርበትና 3.08 ዳገቱ ላይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ እየወረደ ያስቸግርሃል። ዙር ለመቀነስ ብለህ ዳገቱን ሁሉ ሞተሩን እያስጮህክ ልትወጣ ነው።

3.42ስ? 260 ዙር ለመቀነስ ብሎ ዲፈረንሻል ሙሉ በሙሉ ማስፈታት ለእኔ አያዋጣም። ሥራው ለ3.42ም ለ3.08ም ያው ነው። በተጨማሪም የዲፈረንሻሉ የውስጥ ቤት (ትልቁ ጥርስ የሚታሰርበት) ለአንዳንድ ሬሾ አልገጥም ስለሚል ሌላ ቤት ግዛ ልትባል ትችላለህ፣ ጥርሱን ከመግዛትህ በፊት ይህን ጠይቅ።

እኔ የምመክርህ ገንዘብህን ካምቢዮው ላይ አውለው ነው። 700አር4 የሚባለው የጂኤም ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ አንደኛው 3.06፣ አራተኛው 0.70 ነው። 3.73ህን ሳትነካ ስትነሳ 11.4 ታገኛለህ፣ ከአሁኑም ይበልጣል። በ70 ማይል ደግሞ 2,190 ዙር ብቻ። ከ3.08ም ያነሰ! ዳገት ሲመጣ ሦስተኛ ላይ ታደርገውና ዛሬ የምታውቀውን ጉልበት ታገኛለህ። ተጎታች ስታስር አራተኛ ላይ አትጎትት፣ ካምቢዮው ይግላል።

በነገራችን ላይ ሁለቱንም ላድርግ እንዳትል። 3.08 እና 700አር4 አንድ ላይ ሲሆኑ በ70 ማይል ዙሩ 1,800 ይወርዳል፣ በዚያ ከፍታ ላይ ያንተ ሞተር እዚያ ጉልበት የለውም፣ አራተኛውን ከፍለህበት አትጠቀምበትም።

ስትገዛ ከ1987 ወዲህ የተሠራውን ፈልግ፣ የመጀመሪያዎቹ ደካማ ነበሩ። ከካርቡሬተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ገመድ በትክክል የሚያስተካክል ባለሙያ ያዝ፤ ይህ ገመድ ከተዛባ አዲስ የተሠራ ካምቢዮ እንኳ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። የካምቢዮው መያዣ ብረት ቦታ ሊቀየር፣ ሻፍቱም ሊያጥር ይችላል፣ አስለካው።

አይ፣ ሜዳ ላይ ብቻ ነው የምነዳው ብለህ 3.08 ካስገባህ ደግሞ የፍጥነት ቆጣሪውን ትንሽ ጥርስ አብረህ ቀይር። ካልቀየርከው 70 ስትነዳ 58 እያለ ያሳይሃል፣ ፖሊስ ደግሞ ቆጣሪህን አያምንም። ጥርሱን የሚገጥመውም ሰው የፒኞኑን ጥልቀትና በጥርሶቹ መሀል ያለውን ክፍተት በመለኪያ የሚያስተካክል ይሁን። በዓይን የሚገምት ከሆነ ሳትውል ሳታድር ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቀስ ብለህ ንዳው፣ አቁመህ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ እንዲህ ደጋግም። እስከ 500 ማይል ምንም አትጎትት፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይር።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። የአባቴ የድሮ ሂሉክስ ፎር ባይ ፎር ነው። ትልልቅ ጎማ ከተገጠመለት ወዲህ ዳገት አልወጣ አለ። ጋራዥ ውስጥ ከሌላ ሂሉክስ የወጣ የኋላ ዲፈረንሻል አለ፣ ጉልበት ይሰጣል አሉን። እንግዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎር ባይ ፎር ከሆነ የፊቱና የኋላው ሬሾ እኩል መሆን አለበት። የኋላውን ብቻ ከቀየራችሁ አስፋልት ላይ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ የፊቱን ያስገባችሁ ቀን ግን ሁለቱ ይጓተታሉ፣ ደረቅ መሬት ላይ ከሆነማ የሆነ ነገር ይሰበራል። ላይ የጻፍኩትን የጠመኔ ዘዴ ተጠቅማችሁ የራሳችሁን ቁጠሩ፣ የሚሸጠውንም አስቆጥሩ። ካልተመሳሰለ አትግዙ፣ ወይ ከነፊቱ ግዙ። ከዚያ በፊት ግን ጎማውን ተመልከቱት፤ ከ28 ኢንች ወደ 31 ኢንች ከሄደ 4.10 የነበረው እንደ 3.70 ነው የሚሆነው። የድሮውን የጎማ ቁጥር መልሱ፣ ጉልበቱም ይመለሳል፣ ወጪውም ያንሳል።