ካሎሪ እየቀነሱ ስንት ኪሎ ላይ መቆም ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 38፣ ቁመትሽ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደትሽ 66 ኪሎ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ 58 ኪሎ አካባቢ እንደነበርሽም ጽፈሻል። አሁን ለጤናና ለረጅም ዕድሜ ብለሽ ካሎሪ መቀነስ ጀምረሻል። «50 ኪሎ ለመግባት ስንት ወር ይፈጅብኛል?» ነው ያልሽው። ወሩን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን 50 በሚለው ቁጥር ላይ እንነጋገር፤ ምክንያቱም ያሳሰበኝ እሱ ነው። እኔም ለዓመታት በዚህ መንገድ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥሩን አስቀድመው ቆርጠው የገቡ ሰዎች ሲጎዱ በቅርብ አይቻለሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። ክብደትሽን ለቁመትሽ ካሬ ስናካፍለው ቢኤምአይሽ፣ ማለትም ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋር ሲመዛዘን የሚሰጠው ቁጥር፣ 23.4 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ጤናማ የሚለው ከ18.5 እስከ 24.9 ያለውን ነው። ስለዚህ ዛሬም ደህና ቦታ ላይ ነሽ። 50 ኪሎ ስትገቢ ግን 17.7 ላይ ትወርጃለሽ። በአንቺ ቁመት 18.5 የሚባለው 52 ኪሎ ከትንሽ ነው። የያዝሽው ግብ ከጤናማው መጠን ውጭ ነው ማለት ነው።

በርግጥ ቢኤምአይ ሁሉን አይናገርም። እግራቸው ረዘም፣ አጥንታቸው ቀጠን ያለ ሰዎች ምንም ሳይጎድላቸው ቁጥራቸው ዝቅ ሊል ይችላል። እኛ ሀገር እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንቺ በወጣትነትሽ፣ ሳትጨነቂ እየበላሽ፣ 58 ነበርሽ። ሰውነትሽ የሚያውቀው ክብደት እሱ ነው። ስለ ካሎሪ ቅነሳ ብዙ የጻፈው አሜሪካዊው ሐኪም ሮይ ዋልፎርድም የሚነሳው ከዚህ ነበር፤ ሰው ሳይበዛም ሳይጎድልበትም ሲበላ የሚረጋበት የራሱ ክብደት አለው፣ ቅነሳው ከዚያ ይለካል ይል ነበር። የጎረቤትም የጓደኛም ኪሎ ላንቺ መለኪያ አይሆንም።

በሰው ላይ ከተሠሩት ጥናቶች እኔ ብዙ የምደገፍበት አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው፣ ካለሪ (CALERIE) የተባለው የካሎሪ ቅነሳ ጥናት ነው። ዋናው ውጤት በ2015 ወጣ። 218 ሰዎች ነበሩበት፤ ከልክ በላይ የወፈረ አልነበረም። አንደኛው ቡድን ለሁለት ዓመት ካሎሪውን በ25 በመቶ እንዲቀንስ ነበር የታሰበው። በባለሙያ እየተደገፉ እንኳን ያሳኩት በአማካይ 12 በመቶ አካባቢ ነው። ክብደታቸው በ10 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ እዚያው ላይም ረጋ። በዚህ ብቻ የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ተሻሻለ። በሌላ በኩል የዳሌና የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ቀንሷል። ስለዚህኛው ብዙ ሰው አያወራም፤ ለሴት ልጅ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ማረጥ ሲመጣ አጥንት በራሱ ጊዜ ይሳሳል። ከወዲሁ አሳስተን መጠበቅ የለብንም።

ይህን ወደ አንቺ ስናመጣው፣ የ66 ኪሎ 10 በመቶ ስድስት ኪሎ ተኩል ነው። 59 ተኩል ትሆኛለሽ። ከወጣትነትሽ ክብደት ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። እንግዲህ የእኔ ምክር ግብሽን አንድ ቁጥር ሳይሆን ከ58 እስከ 60 ያለው እንዲሆን ነው። ከ56 በታች ግን በምንም ምክንያት አትውረጂ። ታይፎይድ ወይም ኃይለኛ ተቅማጥ ቢይዝሽ በሳምንት ውስጥ ኪሎዎች ይሄዱብሻል። መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች። 48 ኪሎ ብላ ቆርጣ ተነሳች፣ ገባችም። በጣም ደስ ብሏት ነበር። መጋቢት ላይ፣ ሰው ሁሉ መስኮት ክፈቱ እያለ፣ እሷ ጃኬቷን ሳታወልቅ ትውላለች። ፀጉሯን ስታበጥር ማበጠሪያው ሙሉ ይነቀላል። የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቷል፤ እሷ ግን ከሥራ ጫና ነው ብላ ትታዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ የምግብ ቪዲዮ ታያለች እንጂ አትበላም። በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ወር ግማሽ ያህል እየበሉ የተጠኑበት ሥራ አለ። እዚያም የታየው ይኸው ነው፦ ብርድ፣ ድካም፣ ንጭንጭ፣ ቀን ከሌት ምግብ ማሰብ። ልጅቷ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ምግቧን ጨመረች፤ የወር አበባዋ የተመለሰው ክብደቷ ከፍ ካለ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሚዛኑን ብቻ አትይ። የወር አበባሽ ከተዛባ፣ ሁሌ ከበረደሽ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽ ከከዳሽ፣ ቁጥሩ 60ም ቢሆን ለአንቺ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በዚያ ቀን ምግብ ጨምሪ። ወገብሽን ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪ፤ ከቁመትሽ ግማሽ፣ ማለትም ከ84 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ሚዛን ስትወጪ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ምግብ ሳትቀምሺ ይሁን። አስፋልት ዳር ልጆቹ ጋ ጫማሽን ሳታወልቂ ተመዝነሽ ያየሽው ቁጥር አያስደንግጥሽ። ጨው የበዛበት እራት ብቻውን ኪሎ ሊጨምር ይችላል። የሳምንቱን አማካይ ያዢ።

ከምግቡ ምን ይቀነስ ካልሽ፣ እኛ ቤት መልሱ ዘይት ነው። በቀን 2000 ካሎሪ ትበያለሽ እንበል። 12 በመቶው 240 ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማለት እኮ ነው! ድስቱ ላይ በግምት ከማንቆርቆር በማንኪያ መለካት ስጀምር ነው እኔ የገባኝ። እንጀራውን አልነካሁትም፤ ጤፍ ብረትም ካልሲየምም አለው። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን አብዢው። ፕሮቲን ካነሰ የሚሄደው ጡንቻ ነው። ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በዳቦና በሳምቡሳ የሚያፈጥር ሰው ካሎሪ የቀነሰ ይመስለዋል እንጂ አልቀነሰም። ጾሙ ሲረዝም ደግሞ ቢ12 ከአትክልት ስለማይገኝ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪበት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት አንሺ፤ ጂም ባይኖር በውሃ የተሞላ ጀሪካን ይበቃል። ለአጥንትሽም ለጡንቻሽም ነው።

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ከዚህ በፊት ከምግብ ጋር የተጣላ ሰው በራሱ ውሳኔ ይህን ባይጀምር ይሻላል። «ከሳሽ፣ ምን ሆነሽ?» የሚሉ ዘመዶች መምጣታቸው አይቀርም። 59 ላይ ሆነሽ ካሉሽ ሳቂና እለፊው። 53 ላይ ሆነሽ ካሉሽ ግን ስሚያቸው።

አሁን ወሩ። በቀን 240 ካሎሪ ብትቀንሺ መጀመሪያ ላይ በወር አንድ ኪሎ ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ ሰውነት እየለመደ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 60 አካባቢ ለመድረስ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት አስቢ። እዚያ ስትደርሺ ራሱ ይረጋል፤ ሲረጋ ተጨማሪ አትቀንሺ።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። የወር አበባሽ በሥርዓቱ ይመጣል? በቤተሰባችሁስ አጥንቱ በቀላሉ የተሰበረ ሰው አለ? ሁለተኛው አዎ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን ስለ አጥንት ጥግግት ምርመራ ጠይቂ። መልስሽን እዚሁ ጻፊልኝ፣ እመለስበታለሁ።