ጂኦሎጂ ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆች፣ እስቲ ዛሬ ስለ ሙያችን ቃላት ላውራችሁ። ስብሰባ ላይ አንዱ «ካት ኦፍ ግሬድ» ሌላው «ስትሪፕ ሬሾ» (የሚፈለገውን ድንጋይ ለማውጣት ስንት እጥፍ ቆሻሻ ድንጋይ እንደሚነሳ) ሲል፣ ያልገባችሁ እንዳይመስል ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። አትነቅንቁ፣ ጠይቁ። ቃሉን በደፈናው ያለፈ ሰው ቁጥሩንም በደፈናው ያልፋል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ደግሞ የሰው ገንዘብ ይፈስበታል።

መጀመሪያ «ኦር»ን ያዙ። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ሁሉ ኦር አይደለም። ኦር የሚባለው ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ ወጪውን የሚሸፍንና ትርፍ የሚተው ሲሆን ነው። የወርቅ ዋጋ ሲወርድ ትናንት ኦር የነበረው ዛሬ ከቆሻሻው ጋር ሊደፋ ይችላል፣ ድንጋዩ ግን ያው ነው። ድንበሩን የሚያሰምረው ካት ኦፍ ግሬድ፣ ማለትም ድንጋዩ እንዲያዋጣ ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የወርቅ መጠን ነው። በቶን 2 ግራም ወርቅ ማለት እኮ ከሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ድንጋይ አንስቶ «ይሄማ ሀብታም ነው» ለሚላችሁ ሰው መልሳችሁ አንድ ብቻ ይሁን፦ የላቦራቶሪ ውጤቱ የታለ?

ከሁሉም በላይ የማሳስባችሁ ሪሶርስና ሪዘርቭን እንዳታምታቱ ነው። ሪሶርስ መሬት ውስጥ አለ ተብሎ የተገመተው፣ ወደፊት ሊወጣ ይችላል የሚል በቂ ምክንያት ያለው ነው። እሱም እንደ መረጃው ብዛት፣ ከትንሹ ወደ ብዙው፣ ኢንፈርድ፣ ኢንዲኬትድ፣ ሜዠርድ እየተባለ ይከፈላል። ሪዘርቭ ግን የማዕድን አወጣጡ፣ ዋጋው፣ ፈቃዱ፣ አካባቢው ሁሉ ተጠንቶ ያዋጣል የተባለው ክፍል ብቻ ነው። ኢንፈርድ የሆነ ነገር በቀጥታ ሪዘርቭ አይሆንም፣ መጀመሪያ ተጨማሪ ቁፋሮ ያስፈልገዋል። ዜና ላይ ግን ሁሉም «ክምችት» ተብሎ ይወጣል። አንባቢው በኪሱ የገባ ይመስለዋል።

ይሄ ጥንቃቄ በከንቱ አልመጣም። ብሪ-ኤክስ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ላይ ግዙፍ የወርቅ ሪሶርስ አለኝ ሲል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. 1997 ላይ ናሙናዎቹ ላይ ከውጭ ወርቅ እንደተነሰነሰባቸው ታወቀ። በሙያው ወግ ኮር፣ ማለትም በቁፋሮ የሚወጣው የድንጋይ ዘንግ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ለማስረጃ ይቀመጣል፤ እዚያ ግን አብዛኛው ኮር እንዳለ ነው የተፈጨው። ተመልሶ የሚታይ ነገር ሳይተው ማለት ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. 2001 ላይ የሪፖርት ደንቧን ያጠበቀችው ከዚህ በኋላ ነው። የአውስትራሊያው የሪፖርት ደንብ፣ ጆርክ ኮድ፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነበር።

ሌላው ብዙዎች የሚሸወዱበት ውፍረት ነው። ሪፖርቱ «10 ሜትር የወርቅ ቬይን (በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተሞላ የማዕድን ሥር) ተገኘ» ይላል። ቁፋሮው ቬይኑን በስንት ዲግሪ ነው የቆረጠው? ኮሩን እጃችሁ ላይ ያዙትና የቬይኑ ጠርዝ ከኮሩ ርዝመት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ለኩ። 30 ዲግሪ ከሆነ እውነተኛው ውፍረት 5 ሜትር ነው፣ ግማሹ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም፣ ርዝመቱ በኮሩ ላይ ተለክቶ ነው እንጂ። እናንተ ግን ሁልጊዜ «ትሩ ዊድዝ ነው ወይስ በኮሩ ላይ የተለካ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የድንጋይ ገጽ አቀማመጥ የሚገለጽባቸው ስትራይክና ዲፕ የሚምታቱበትም ብዙ ነው። የዘነበለ ገጽ ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ። የሚፈስበት አቅጣጫ ዲፑን ያሳያችኋል፣ በዚያው ገጽ ላይ ከእሱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራው አግድም መስመር ስትራይኩ ነው። ኮምፓሳችሁን ከዚያ በኋላ አውጡ።

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ደግሞ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። «ግራኖዳዮራይት» ብላችሁ የድንጋዩን ስም ጽፋችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ቀለሙን፣ የቅንጣቱን መጠን፣ በሌንስ ያያችኋቸውን ማዕድናት አስፍሩ። ስሙ ነገ ቀጭን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሊለወጥ ይችላል። መግለጫው ግን ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሰውም ያገለግላል።