የበቆሎ እባብ ስለመመገብ፦ ጥያቄና መልስ

ልጆቻችሁ ለምነዋችሁ የበቆሎ እባብ (ኮርን ስኔክ የሚሉትን መርዝ አልባ እባብ) ገዝታችሁ በምግቡ የምትቸገሩ ብዙ ናችሁና ጠይቁኝ። እዚህ ቨርጂኒያ 12 ዓመት አሳድጌያለሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነው፦ በሕይወት ያለ አይጥ አትስጡት፤ ሞቶ በረዶ የሆነውን አሙቃችሁ ስጡት።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ እባባችን አይበላም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው ስንት ነው? የእባቡ ቤት ሙቀትስ? መጨረሻ የበላው መቼ ነው? ይህን ሳትነግሪኝ ምን እላለሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በረዶ የሆነውን አይጥ በማይክሮዌቭ ባሞቀውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን ያበስላል፣ ሌላውን በረዶ እንደሆነ ይተዋል፤ ሆዱም ይፈነዳል። ማታ ከፍሪዘር አውጥተህ ማቀዝቀዣው ታችኛው ክፍል አሳድረው። በማግስቱ በላስቲክ አሽገህ ለብ ካለ ትንሽ በሞቀ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ የፈላ ውሃ ግን አይሁን። ሆዱን ጫን ጫን አድርገህ መሃሉ እንዳልጠጠረ አረጋግጥ። እባብ ምግቡን በጠረንና በሙቀት ስለሚለይ ቀዝቃዛውን ሊንቀው ይችላል። በእጅህ ሳይሆን በረጅም ጉጠት አቅርብለት፤ እጅህ አይጥ አይጥ ከሸተተ የሚነክሰው አንተን ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ በየስንት ቀኑ ይብላ?

መልስ፦ የእባቡ ጫጩት በየ5 እስከ 7 ቀን አንድ ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ግልገል፣ ያደገው በየ10 እስከ 14 ቀን አንድ አይጥ። የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ወገብ ብዙም አይብለጥ።

ከሲያትል፦ በዱር ማን አሙቆ ይሰጠዋል? ማደን ተፈጥሮው ነው።

ከዴንቨር፦ በዱር እባቡም ከሚነክሰው አይጥ መሸሻ አለው። በመስታወት ቤት ውስጥ ወዴት ይሂድ?

ከሲያትል፦ የእኔ አንድ ቀን እንኳ ተነክሶ አያውቅም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያልተነከሰው እስካሁን ነው። የጎረቤቴ ልጅ አይጥ ከእባቡ ጋር ትቶ ተኛ። እባቡ አልራበውም ነበር፤ አይጡ ግን ተርቦ ነበር። ጠዋት የእባቡ ጀርባ እስከ አጥንቱ ተግጦ አገኘነው። ይህን ካየሁ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልከራከርም። አይጡ ከጓሮ የተያዘም አይሁን፤ ጥገኛ ትል ወይም የአይጥ መርዝ በውስጡ ሊኖር ይችላል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አይጡን ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው አጠገብ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ምግብ አልቀምስም አሉ።

ከዴንቨር፦ እባብ ከቤት ማስገባቱስ ተገቢ ነው? የእኔ እናት ጠበል ካልተረጨ አልገባም ብለዋል።

ከሲያትል፦ መርዝ የለውም እኮ!

መልስ፦ የእምነቱን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆዩት። አይጡን ፍሪዘር ውስጥ ያገኙት እናት ግን ልክ ናቸው። ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ በበረዶ አይሞትም፤ እባቡም ጤነኛ መስሎ ይይዘዋል። ለአይጡ ትንሽ ፍሪዘር ለብቻው ግዛ፤ የወጥ ቤት ዕቃ አትጠቀም፤ እጅህን በሳሙና ታጠብ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ተሳቢ እንስሳትን እንዳይነኩ ይመክራል። እናትህንም ይቅርታ ጠይቃቸው።

ከአትላንታ፦ የት ልግዛ?

መልስ፦ የጆርጂያ ሕግ የግዛቲቱን አገር በቀል መርዝ አልባ እባቦች በቤት ማሳደግን ይከለክላል፤ የበቆሎ እባብም አንዱ ነው። ሌላ እንስሳ ፈልግ።

ከላስ ቬጋስ፦ በበላ በማግስቱ ልጆቹ ሲያጫውቱት ተፋው። ሌላ ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው! ከበላ በኋላ 48 ሰዓት ማንም አይንካው። አሁን ውሃ ብቻ አስቀምጪለትና 10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ጠብቂ፤ ከዚያ ከቀድሞው ያነሰ ግልገል። ደግሞ ከተፋ ወደ ሐኪም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በማይክሮዌቭ ለጥቂት ሰከንድ ብቻስ?

መልስ፦ መልሻለሁ።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ለካሁት። የ7 ወር ነው፤ ሞቃት የተባለው ጥግ 70 ፋራናይት ነው። ከመጣ 4 ቀኑ ሲሆን ልጄ በየቀኑ ታወጣዋለች።

መልስ፦ አሁን ገባኝ፤ በርዶታል፣ ደንግጧልም። ሳይሞቀው የበላው አይፈጭለትም። ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለው ማሞቂያ ከቤቱ በአንዱ ወገን ሥር አድርጊ፤ ያ ጥግ ወደ 85 ፋራናይት ይድረስ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይበል። መደበቂያ ይኑረው። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካው ለልጅሽ ንገሪያት። ከዚያ ማታ የሞቀ ግልገል አስቀምጪለትና መብራቱን አጥፍተሽ ውጪ። ጠዋት ምን እንዳገኘሽ ጻፊልኝ።