አፑን ያወርዱታል፣ ከዚያ ደውለው ያዝዛሉ

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ኬክ ቤት አለኝ። አምና የማዘዣ አፕ አሠራሁ። ሰው ያወርደዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ያጠፋዋል፣ ወይ ስልኩ ላይ አስቀምጦት ይደውላል። አንዷ ደንበኛ ኬኩ ከሰዓቱ በፊት መጣ ብላ ተጣላችኝ። ሌላዋ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ ትላለች። የሠራልኝ ልጅ ደግሞ ቻትና የነጥብ ሽልማት እንጨምርበት ብሎ ሌላ ብር ጠይቆኛል። ልጨምርበት ወይስ ልተወው? ለመሆኑ ጥሩ አፕ የሚባለው ምን ሲኖረው ነው?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይጨምሩ። ብሩንም ኪስዎ ያቆዩት።

አፕ ሥሩልኝ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ተፎካካሪህ ማነው ብዬ ነው። የእርስዎ ተፎካካሪ የጎረቤት ኬክ ቤት እንዳይመስልዎት። ተፎካካሪዎ ስልክ መደወል ነው። «ሄሎ፣ ለነገ ሁለት ኪሎ ቶርታ፣ ስም ይጻፍበት።» አለቀ። አፑ ከዚህ ካልቀለለ ሰው ምን ቆርጦት ይጠቀምበታል?

የአፑን ስም ስለላኩልኝ አውርጄ አየሁት። ገና ሲከፈት ኢሜይል፣ ፓስወርድ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ከዚያ በመልእክት የሚላክ ኮድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ አንድ ቶርታ ለማየት ነው! እዚህ አገር ብዙ ሰው ኢሜይሉን ያወጣለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን የሚያውቀውም እሱ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ ኬኩንና ዋጋውን ይይ። ስልክ ቁጥሩን ሲያዝዝ ብቻ ይጠየቅ። ቁጥሩንም በ09 ይጻፈው፣ በ07 ይጻፈው፣ በ251 ይጻፈው፣ አፑ መቀበል አለበት። «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ መከራከር የአፑ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ተጣላችዎት ደንበኛ እንምጣ። የሰዓት መምረጫውን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ልጅቷ ለቅዳሜ 9 ሰዓት ብላ ሞልታለች፤ ከሰዓት በኋላ ማለቷ ነው። አፑ የተሠራው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 9ን ጠዋት አድርጎ ያዘው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። ኬኩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ በሯ ላይ ደረሰ። እሷም ልክ ናት፣ ያደረሰው ልጅም ልክ ነው። ጥፋቱ የመምረጫው ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ደንበኛው መጀመሪያ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» የሚለውን ይንካ፣ ከዚያ በሐበሻ ሰዓት ይምረጥ። ከመላኩ በፊት ደግሞ አፑ በቃላት አንብቦ ያረጋግጥለት፦ «ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ ከቀኑ 9 ሰዓት።» ቀኑም እንደዚያው ነው። አሁን ያለው ካላንደር የፈረንጅ ብቻ ስለሆነ ጥር 23 ያሰበ ሰው ጃንዋሪ 23ን ይነካል፤ ስምንት ቀን ተሳሳተ ማለት ነው። ለልደት ኬክ ስምንት ቀን ቀላል ነገር አይደለም። ጳጉሜን ተወልዶ የሚያዝዝም አለ፤ 12 ወር ብቻ የሚያሳይ ዝርዝር እሱን የት ሊያስገባው ነው?

ለሠራልዎት ልጅ ይህን ያንብቡለት፦ ሰርቨሩ (የአፑ መረጃ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ ሰዓቱ በአንድ ወጥ የዓለም ሰዓት ይቀመጥ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከእሱ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ አትቀያየርም። ወደ ሐበሻ ሰዓት መቀየር ያለበት ስክሪኑ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ እዚህም እዚያም ስድስት መቀነስና መደመር ከተጀመረ ማንም አያጠራውም። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከባዶ መጻፍ የለበትም፤ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ።

ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ያለችውን ደንበኛ ይመኗት። እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። በቴሌብር ትከፍላለች፣ ብሩ ይወጣል። ወደ አፑ ስትመለስ ኔትወርኩ ይቆረጣል። አፑ መልስ ስላላገኘ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላታል። እሷም እንደተባለችው ትሞክራለች። አፑ ግን አለመሳካቱን አያውቅም ነበር፤ ያላወቀውን ነው የተናገረው። መልስ ሳይመጣ ሲቀር መባል ያለበት «ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው፣ ድጋሚ አይክፈሉ» ነው። ደንበኛዋ በማታየው በኩል ደግሞ ትእዛዙ ገና ክፍያ ሳይጀመር የራሱ ቁጥር ይሰጠው። ያው ቁጥር ሁለቴ ቢመጣ ሰርቨሩ እንደ አንድ ትእዛዝ ይቁጠረው። ብር ገባ አልገባም የሚለውንም ሰርቨሩ ከክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ይስማ እንጂ ከደንበኛዋ ስልክ አይጠብቅ። ከሁሉም በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው። ሰው የተንቀራፈፈ አፕ ይታገሣል፤ ብሩን የበላ አፕ ግን ለጓደኞቹም ያወራል።

ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ግን ከካሜራ እንደወጡ ነው የተጫኑት። አንዱ ብቻ በርካታ ሜጋባይት ነው። ደንበኛው ዝርዝሩን ወደ ታች ሲገፋ ያልገዛውን ቶርታ ፎቶ በራሱ ፓኬጅ እየገዛ ነው። ለዝርዝር የሚሆን ትንሽ ምስል ዌብፒ በሚባለው፣ ፎቶን በሚያቀል ፎርማት ቢቀመጥ ጥቂት አሥርት ኪሎባይት ይበቃዋል። አንዴ የመጣ ምስል ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ነጭ ስክሪን ከማሳየት የትናንቱን ዝርዝር ማሳየት ይሻላል። አንድሮይድ ራሱ አንድ አፕ ለንክኪ 5 ሰከንድ ያህል ምላሽ ከነፈገ «ልዝጋው ወይ?» ብሎ ባለስልኩን ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ዘግቶ አይመለስም።

ፍለጋውንም ሞከርኩት። «ፆም» ብዬ ስጽፍ ምንም የለም አለኝ። «ጾም» ብዬ ስጽፍ አራት ዓይነት ኬክ መጣ። በጾም ወቅት ይህ ስንት ገበያ እንደሚያሳጣዎት እርስዎ ያውቁታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ ሰው እንደለመደው ነው የሚጽፈው። አፑ ከማወዳደሩ በፊት የኬኩንም ስም የተጻፈውንም ቃል ወደ አንድ ፊደል ይመልስ። የጥቂት መስመር ኮድ ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ።

የቀሩት ትናንሽ ናቸው። የ«እዘዝ» ቁልፉ አነስ ብሏል፤ ጎግል የሚመክረው ቢያንስ 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ነው፣ ስክሪን ላይ 9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የስልክ አድራሻዎችን ማየት ይፈቀድልኝ የሚለው ጥያቄ ይውጣ፤ ኬክ ለመሸጥ የሰው ስልክ ማውጫ ምን ያደርግልዎታል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ የማያስፈልግዎትን መረጃ ባለመሰብሰብ ራስዎን ይጠብቁ። ለማድረሻ ካርታ ላይ ነጥብ ብቻ አይበቃም፤ «ከፋርማሲው ጎን፣ አረንጓዴ በር» የሚጻፍበት ቦታ ይኑር።

ሲስተካከል በልጁ አዲስ ሳምሰንግና በቢሮ ዋይፋይ ሠርቶ ቢያሳይዎ አይቀበሉት። ኬክ የሚያደርስልዎትን ልጅ ስልክ ይዋሱ፤ ሜሞሪው የሞላው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀው ቢሆን ይመረጣል። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለው ይዘዙ። መሃል ላይ ዳታ ያጥፉ፣ መልሰው ያብሩ። ትእዛዙ አንድ ሆኖ ከደረሰ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ኬክ የሚያዝዝ ሰው ለዚያ ብሎ አፕ ስልኩ ላይ አያኖርም፣ አፑ የፈለገውን ያህል ቢያምር። ለእሱ የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም፣ ይበቃዋል፤ ቴሌግራሙ ስልኩ ላይ አለ፣ ምዝገባ የለም። አፑን በየሳምንቱ ለሚያዝዙዎት ካፌዎችና ቢሮዎች ያድርጉት። እነሱ ያለፈውን ትእዛዝ በአንድ ንክኪ መድገም ይፈልጋሉ። አሁን ያለው አፕ ላይ «ድገም» የሚል ቁልፍ የለም። የነጥብ ሽልማቱን ትተው እሱን ያሠሩ።

ስለ ብር ከመነጋገርዎ በፊት ግን ልጁን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ አፑ ፕሌይስቶር ላይ በማን አካውንት ነው የተጫነው? በእሱ ከሆነ በድርጅትዎ ስም አካውንት ይክፈቱ፤ የምዝገባ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ 25 ዶላር ነው። አፑን ወደዚያ ያዛውርልዎ፤ ጎግል ማዛወር ይፈቅዳል። ሙሉውን ኮድና የሰርቨሩን መግቢያም ያስረክብዎ። የሰዓቱንና የክፍያውን ጉዳይ አስተካክሎ ካስረከበዎ በኋላ «ድገም»ን በስንት እንደሚሠራ ይጠይቁት።